ገዢ ወይስ መሪ?

መጋቢት ወር ቆላ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ አትቸኩሉ። እኔ በ2015 ዓ.ም መጋቢት ላይ ከጎንደር ተነሥቼ፣ በትክል ድንጋይና በሳንጃ አድርጌ አብርሃ ጅራ የወረድኩት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ነበር። ጎንደር ላይ መኪና ስሳፈር ጋቢ ደርቤ ነበር። ሳንጃ ስንደርስ ጋቢው ታጥፎ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። አብርሃ ጅራ ስገባ ሸሚዜንም የምሰጠው ሰው እፈልግ ጀመር።

የእህቴ ልጅ እዚያ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበር። ቤቱ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የፈለገው አልጋ ነው፤ ግን የለም። አልጋው ውጭ ነው። በዚያ አገር በሐሩሩ ወራት ቆርቆሮ ሥር የሚተኛ እንግዳ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ጡብ ተደርድሯል፤ ጡቦቹ ላይ ላፕቶፕ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ውኃ የነካ ጨርቅ ተነጥፏል።

«ታሟል እንዴ?» አልኩት።

«ትኩሳት አለበት ጋሼ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ከስክሪኑ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ምልክት አለች። ይጫናታል። ሦስት ቃላት ከላይዋ ይዘረጋሉ፤ አንዱን ይመርጣል። ትንሽ ቆይቶ እንደ ጤፍ ማበጠሪያ ሲጮህ የነበረው ማራገቢያ ጸጥ ይላል። «ምን አድርገህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ገቨርነሩን ቀይሬው ነዋ!» አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ገቨርነር መቀየሩን የምሰማው በሬዲዮ ነው፤ ያውም ከተቀየረ በኋላ። እቤቱ ተቀምጦ በጣቱ የሚቀይር ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሆዱን ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል የሶፍትዌር ሥራ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነው ክፍል በይፋ «ገቨርነር» ይባላል። የእህቴ ልጅ የሚጫናት ምልክት የዚህ ክፍል የደጅ አጋፋሪ መሆኗ ነው። ስሙ ግን ከየት መጣ? ይኼ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ከወባ ትንኝ ጋር እየተፈራረቀ አላስተኛኝም።

መልሱን ያገኘሁት በማግስቱ ወፍጮ ቤት ነው። የእህቴ ልጅ ማሽላ ሊያስፈጭ ሲሄድ ተከተልኩት። የቆየ የሊስተር ሞተር ነው፣ ያ ቱክ ቱክ የሚለው። ሊስተር የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ ያወጣው ይህ ቀርፋፋ የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ያህል ብቻ ይሽከረከራል። ስንቱን የዓለም ዳርቻ እንዳፈጨ እግዜር ይወቅ። ባለወፍጮው እህሉን ወደ አፉ ሲለቀው ሞተሩ አቃሰተ፤ ድምፁ ወፈረ፤ ሊጠፋ ነው ስል ራሱን አበረታና ወደ ቀድሞ ምቱ ተመለሰ። ማንም እጁን አላስገባም።

«ማን ነዳጅ ጨመረለት?» አልኩ።

«ገቨርነሩ ነዋ አባቴ!» አለኝ ባለወፍጮው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሽማግሌ በማየቱ እያዘነ።

ከሚሽከረከረው አካል ጋር የታሰሩ ሁለት ክብደቶች ናቸው። ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይወረወራሉ፤ ሲወረወሩ ነዳጁን ይቀንሳሉ። ሲዘገይ ይሰበሰባሉ፤ ሲሰበሰቡ ነዳጁን ይለቃሉ። ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ ለእንፋሎት ሞተሩ የገጠመው ይህንኑ ነው። እሱም ቢሆን ከነፋስ ወፍጮ ሠሪዎች የወሰደው ነው፤ ነገሩ ድሮም የወፍጮ ቤት ዕውቀት ነበር ማለት ነው። በ1868 ደግሞ ያ ታላቁ የፊዚክስ ሰው ማክስዌል «ስለ ገቨርነሮች» ብሎ ጥናት ጻፈበት። እንዲህ ያለው መሣሪያ መቼ ረግቶ እንደሚሠራ፣ መቼ ደግሞ እንደ ሰካራም እየተወላገደ እንደሚቀር በሒሳብ አሳየ። ኖርበርት ዊነር በ1948 «ሳይበርኔቲክስ» ለተባለው ዕውቀት ስም ሲያወጣ ያሰበው ይህንኑ መሣሪያ ነው። ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ የሚይዘው ሰው ማለት ነው፤ ላቲኖቹ ያንኑ ቃል ወስደው «ጉበርናቶር» አሉት፤ ከዚያ «ገቨርነር» ተወለደ።

እዚህ ላይ የድሮ ሙያዬ ተነሣብኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኛ «ገቨርነር»ን «ገዢ» ብለን ነው የምንተረጉመው። ገዢ በአማርኛ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ የሚያስተዳድር፣ አንዱ ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ የሚወስድ። ያስተዳደረውና የሸመተው በአንድ ግስ መጠራታቸው ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያስጽፋል። ግሪኮቹ ያሰቡት ሰው ግን ሌላ ነው። የእኛ ሾፌር በእጁ የሚይዛትን ክብ ነገር ምን ይላታል? «መሪ» ይላታል። አገር የሚመራውንም መሪ እንለዋለን። የግሪኩ ቃል እኛ ዘንድ ሳይተረጎም ተተርጉሞ ተቀምጧል። ሁለቱ የሊስተር ክብደቶች ሞተሩን አልገዙትም፤ መሩት እንጂ። ጭነቱን እያዩ።

የላፕቶፑ ታሪክ ከወፍጮው የተወሳሰበ ነው። በመጀመሪያ ኃይል የመቆጠቡ ሥልጣን የማን ነበር? በ1992 እ.ኤ.አ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያወጡት ደንብ ሥልጣኑን ባብዛኛው ባዮስ ለሚባለው፣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ለተቀበረው ፕሮግራም ሰጠው። ባለቤቱ ሳያውቅ ስክሪን ይጠፋል፣ ዲስክ ይተኛል። በ1996 መጨረሻ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን አዲስ ደንብ አወጡና ሥልጣኑ ከሆድ ዕቃው ወጥቶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተሰጠ።

ከዚያ 2000 መጣ፣ እንደ ፈረንጆቹ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ኢንቴል «ስፒድስቴፕ» ብሎ የሰየመውን ዘዴ አሳየ። ሞባይል ፔንቲየም 3 የተባለው ፕሮሰሰር ሶኬት ላይ ሲሰካ በ650 ሜጋኸርዝና በ1.6 ቮልት ይሮጣል፤ ሲነቀል በ500 ሜጋኸርዝና በ1.35 ቮልት ይራመዳል። የእህቴ ልጅ ብጣሽ ወረቀት ላይ አሰላልኝ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ፍጥነቱ 23 ከመቶ ሲቀንስ ፍጆታው ወደ 55 ከመቶ ይወርዳል። ሩብ የማይሞላ ፍጥነት ሰጥተህ ግማሽ የሚጠጋ ኃይል ታተርፋለህ። የአብርሃ ጅራ የሰሊጥ ነጋዴ እንዲህ ያለ ትርፍ ቢነግሩት ዓይኑን ሳያሽ ይፈርማል።

በዚያው ጥር ትራንስሜታ የሚባል ትንሽ ኩባንያ «ክሩሶ» የተባለ ፕሮሰሰር አወጣ። ፍጥነትና ቮልቴጁን እንደ ሥራው ብዛት ራሱ እየለዋወጠ የሚሠራ ነው። የዚያ ኩባንያ ተቀጣሪ ማን ነበር? ራሱ ሊነስ ቶርቫልድስ፤ ከ1997 እስከ 2003 እዚያው ሠርቷል። ኩባንያው ብዙ ሳይገፋ ቀረ። ሐሳቡ ግን አልቀረም።

ሊኑክስም የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ገቨርነሮች አበጀ። አንደኛው ምንም ሥራ ባይኖር ፈረሱን ሁልጊዜ የሚያስጋልብ ነው። ሁለተኛው ቤት ቢቃጠል እንኳ ከዝግታው ንቅንቅ የማይል ነው። ሦስተኛው ራሱ አይወስንም፤ ከታች የታዘዘውን ብቻ ይፈርማል። አራተኛው በ2004 የአንድ የኢንቴል መሐንዲስ አስተዋጽኦ ሆኖ የገባው ነው፤ ሥራ ሲበዛ ዘሎ ጫፍ ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። አምስተኛው እንደዚሁ ነው፣ ግን ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው የሚወጣው። በ2016 የመጣው ስድስተኛው ደግሞ ወረፋውን ከሚያስተናግደው ክፍል ጋር ሳይማከር አይወስንም። ለእያንዳንዳቸው ከታሪካችን አንዳንድ ደጃዝማችና አንዳንድ ኮሚሽነር በስም መጥቀስ እችል ነበር፤ ዓምዱ ጠባብ ነው።

መቼም ቆጣቢው ሁልጊዜ ይቆጥባል ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን በሰሊጥ አጨዳ አስረዳኝ። በመስከረምና በጥቅምት «ሳሉግ» የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወርደው መተማንና አርማጭሆን ይሞሏታል። ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ በጊዜው ካልታጨደ አቁማዳው ራሱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። በቀን የተቀጠረው ሠራተኛ ቀስ ብሎ ሲያጭድ ይውላል። በኮንትራት የያዘው ግን በሌሊት ተነሥቶ፣ ጸሐይዋ ሳትከር እንደ እሳት ሠርቶ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር ይጋደማል። ማን የበለጠ ውኃ ጠጣ? ማን የበለጠ ደከመ? በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድም ያው ክርክር ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ በጥልቅ ቢተኛ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እያዘገመ ቢውል ይሻላል የሚሉም አሉ። ለአጭር ሥራ የኮንትራቱ መንገድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ማለቂያ ለሌለው ሥራ ግን ዝግታው። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ለሁሉም አይሆንም፤ የሦስቱ ቃላት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው ምዕራፍ ልምጣ። ኢንቴል በ2015 እ.ኤ.አ ባወጣቸው ፕሮሰሰሮች ሥልጣኑን መልሶ ወደ ሆድ ዕቃው ወሰደው። ፍጥነቱን የሚወስነው ቺፑ ራሱ ሆነ፤ ምክንያቱም ከማንም ይልቅ እሱ በፍጥነት ይወስናል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የቀረው «ለብርታት አድላ» ወይም «ለቁጠባ አድላ» ብሎ አንድ ቁጥር ማቅረብ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋንቋ አቤቱታ ማስገባት በሉት። የእህቴ ልጅ ያችን የምስር ፍሬ ሲጫን ይሾም ይሽራል ብዬ በቅናት ስመለከተው የቆየሁት ለካ ማመልከቻ ሲያስገባ ነው!

ለነገሩ ማመልከቻው ይሰማል። ኃይል የሚለካ «ፓወርቶፕ» የተባለ ፕሮግራም ከፍቶ አሳየኝ። በብርቱው ላይ ሲከባድ ላፕቶፑ 24 ዋት ይበላል፤ በቆጣቢው ላይ ጽሑፍ ብቻ ሲነበብበት 7 ዋት። ያረጀው ባትሪ የሚይዘው 28 ዋት ሰዓት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሰዓት ከሩብ የማይሞላ፣ ወይም አራት ሰዓት። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ፕሮሰሰር መቶ ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን በግድ ይዘገያል። ጎንደር ላይ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ነው፤ አብርሃ ጅራ ላይ በመጋቢት ከ40 ይዘላል። ሃያውን ዲግሪ ገና ሥራ ሳይጀመር ቆላው በልቶታል። እናም በቀትር «ብርቱ»ን መምረጥ ከንቱ ነው፤ ትንሽ ይሮጥና ምላሱን አውጥቶ ይቆማል። ሳሉጎቹ ይህን ያለ ኢንቴል ያውቁታል።

አራቱ ሰዓት ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀው የገባኝ ማታ ነው። በዚያ ዓመት ጥር የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ነበር፤ ታስታውሱታላችሁ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፣ 3.3 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ። የእህቴ ልጅ ስለ ራሱ ትምህርት ቤት ስጠይቀው ሻይ ሊያፈላ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ግን አመሻሽ ላይ አሥር አሥራ አንድ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ፣ አልጋው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የቆዩ ፈተናዎችና የመማሪያ መጻሕፍት ያሉት በዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነው። መብራት ካለ እሰየው። ከሌለ ባትሪው እስኪያልቅ ነው ትምህርቱ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ፣ ምልክቷን ወደ ቁጠባ፣ ከዚያ ጥያቄ ቁጥር አንድ።

እኛ አገር ማሽንና መምህር ያልተገናኙበት ጊዜ ነበር። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የገባውን ፕላዝማ አስቡት። መብራት ሲሄድ የፕላዝማው መምህር አይጠብቅም፤ ሳተላይቱ ላይ ሆኖ ያስተምራል። መብራቱ ሲመለስ እሱ አራተኛው ምሳሌ ላይ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ርዕሱ ላይ። በ2000 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ለልጆች የተሠሩ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ኤክስኦ የሚባሉ ላፕቶፖች ወደ 5,000 ያህል መጥተው ነበር። እነሱም ሊኑክስ ነበሩ። ፕሮሰሰራቸው 433 ሜጋኸርዝ፣ ፍጆታቸው ጥቂት ዋት፣ ስክሪናቸው ጸሐይ ላይ በጥቁርና ነጭ የሚነበብ። የሠሯቸው ሰዎች መብራት የሌለበትን መንደር በእውነት አስበውት ነበር፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ያላሰቡት መምህሩን ነው። መሣሪያው ከልጁ ጋር ብቻውን ይነጋገራል ብለው ተስፋ አደረጉ። የአብርሃ ጅራዋ ላፕቶፕ ግን አንድ ብቻ ናት፣ መምህሩ አጠገቧ አለ።

አሁን ስለ ሦስቱ ቃላት። በ2020 እ.ኤ.አ ባስቲየን ኖሴራ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በሬድ ሃት ኩባንያ ይሠራ የነበረ፣ የእነዚህን ሁሉ ገቨርነሮች ግራ መጋባት በሦስት ጠባይ ጠቅልሎ አንድ አገልግሎት ጻፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ግኖም የተባለው የሊኑክስ ገጽታ ምናሌው ውስጥ አስገባው። የእህቴ ልጅ ግን ግኖምን አይጠቀምም፤ ላሮጌ ላፕቶፕ ይከብዳል። እሱ የሚጠቀምበት ቀላል ገጽታ ምናሌ ስለሌለው ስክሪኑ ጥግ ላይ ምልክት የምታስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም አግኝቶ ጫነ። ጥግ ላይ ምልክት መደርደር ከዊንዶውስ 95 ዘመን የመጣ ልማድ ነው፤ ግኖሞች በ2017 «አሮጌ ነው» ብለው ጥለውታል። አሮጌ ዕቃ እንደሆነ ደጋ ሲጥለው ቆላ ያነሣዋል።

ታዲያ ፕሮግራሟን ወደ አማርኛ ሊመልሳት ፈለገ። ሦስት ቃል ብቻ ናት። ሁለተኛው «ሚዛናዊ»፣ ሦስተኛው «ቆጣቢ» ብሎ ጨርሷል። አንደኛው ላይ ተገትሯል፤ «ፐርፎርማንስ»።

«አፈጻጸም ልበለው?» አለኝ።

«ተው!» አልኩት። ከዩኒቨርሲቲ የሸሸሁት እኮ ከዚያ ቃል ነው። በቢፒአር ዘመን በየመንፈቁ ቅጽ ይሰጠን ነበር፤ ልብ ወለድ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማርኩበት ሰዓት በአፈጻጸም ከመቶ ስንት እንደሆነ እንድሞላ። አፈጻጸም ማለት ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርት ነው። ይኼ ማሽን ደግሞ ገና ሊነሣ ነው። «ብርታት» አልን፤ የጸበል ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ መሰለ። «ሙሉ ኃይል» አልን፤ የኃይል መጠጥ ማስታወቂያ ሆነ። «ጉልበት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበት ላይ አሞኝ ስለነበር ራሴው ጣልኩት።

ማታ ልጆቹ ሲመጡ ጉዳዩ ለእነሱ ቀረበ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ አባቷ የአይሱዙ ሾፌር ነው አሉኝ፣ «ዳገት» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ዳገት ሲሆን ከባዱን ማርሽ ነው የሚያስገባው፤ ሜዳ ሲሆን ዝም ብሎ ይነዳል፤ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ እንዲተርፍ ፎሌ ያደርጋል» አለች። ፎሌ ማድረግ ቁልቁለት ላይ ሰው እንደሚጨርስ የእህቴ ልጅ አንድ አሥር ደቂቃ ፊዚክስ አስተማረበት። ቃሉን ግን አልተቃወመም። እኔም ሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ አፌን ዘጋሁ።

በዚያው ሌሊት፣ ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሳሉ፣ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ማንም «ኡኡ» አላለም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሸኸዲ በኩል መተማን አልፎ ገዳሪፍ የሚገባው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ለሱዳን ኤሌክትሪክ ያደርስ እንደነበር ለልጆቹ ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የታየኝ የስክሪኑ ብርሃን ያረፈባቸው ፊቶች ብቻ ናቸው። የእህቴ ልጅ ጥጓን ተጫነ። ማራገቢያው ዝም አለ። ከሩቅ የጅብ ድምፅ ይሰማል። አራት ሰዓት አላቸው።

እኔ በሳምንቱ ተመለስኩ። በሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ መተማ ዮሐንስ ከዚያ በሚሸሹ ሰዎች ተጥለቀለቀች፤ ክረምቱ ሲጠባ ደግሞ የእኛው ክልል ግጭት ውስጥ ገባ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ከየእህቴ ልጅ ጋር ለብዙ ወራት የተገናኘነው በስልክ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ሲሠራ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም 5,150 ሜጋዋት ሊያመነጭ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ ሲባል ትዝ ያለኝ እሱ ነው፤ ደወልኩለት። ላፕቶፑ አሁንም አለ፣ ባትሪው ግን ሁለት ሰዓት ቀርቶታል አለኝ። ያቺ የሾፌሩ ልጅስ? አልኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ምን እንደምታጠና ግን አልጠየቃትም። በማግስቱ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ፣ የስክሪኑን ጥግ ያነሣው። ምልክቷ ላይ ሦስት ቃላት ተዘርግተዋል፦ ዳገት፣ ሜዳ፣ ቁልቁለት። ምርጫው ቁልቁለት ላይ ነበር።